ጨው ሲበዛበት የቀጠነ ፈሳሽ ሳሙና

ከላብሳና ከቴክሳፖን (ቆሻሻ የሚያስለቅቁና አረፋ የሚሰጡ የሳሙና ጥሬ ዕቃዎች) ፈሳሽ ሳሙና እያመረቱ የሚሸጡ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ሳሙናው እንዲወፍር ጨው ስጨምር መጀመሪያ ወፈረ፤ ይበልጥ እንዲወፍር ብዬ ስደግም ግን እንደ ውሃ ቀጠነ፣ በማግስቱም ደፈረሰ። ጨዉ አልሟሟ ብሎ ይሆን?»

ጨዉስ ሟሙቷል። የገበታ ጨው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ100 ግራም ውሃ ውስጥ እስከ 36 ግራም ድረስ ይሟሟል፤ ሳሙና ለማወፈር የሚገባው መጠን ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ነገሩ ያለው ሳሙናው ዘንድ ነው። ጨው ውሃ ሲነካው ወደ ነጠላ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ወደተሸከሙ ቅንጣቶች) ይበታተናል፤ የሳሙና ሞለኪውሎች ግን ውሃ የሚሸሸውን ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ አሉታዊ ሙል የተሸከመውን ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ጥቂት ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን ስብስቦች ይሠራሉ። እነዚህ ሚሴል ይባላሉ፤ ስለዚህ ሳሙናዎ ጥርት ብሎ ቢታይም ኮሎይድ (ጥቃቅን ስብስቦች የተበተኑበት ፈሳሽ) እንጂ እንደ ጨው ውሃ ያለ ተራ ሙሙት አይደለም።

ውፍረቱም የሚመጣው ከሚሴሎቹ ነው። ራሶቹ አንድ ዓይነት ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ከጨዉ የሚገኘው ሶዲየም ግፊያውን ሲያለዝበው ግን ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ክብ የነበሩት ሚሴሎችም ረዝመው እንደ ፈትል እርስ በርስ ይተበተባሉ፤ ሳሙናው የሚወፍረው ያን ጊዜ ነው። ጨዉ ከዚህ ሲያልፍ የረዘሙት ሚሴሎች ቅርንጫፍ እያወጡ ስለሚጋጠሙ ፈሳሹ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ሳሙናው ከውሃው እየተለየ ይደፈርሳል። የደረቅ ሳሙና አምራቾች ሳሙናውን ከግሊሰሪን ለመለየት ሆን ብለው ጨው የሚያበዙትም ለዚሁ ነው።

ከማስተካከልዎ በፊት ድፍርሱን ይመርምሩ። ጥቂቱን በጠርሙስ አድርገው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ከጠራ፣ ጨው የበዛበትን ሳሙና የሌሊቱ ብርድ አደፍርሶታል ማለት ነው። ሳይጠራ ቀርቶ ነጭ ዝቃጭ ከታች ከተኛ ግን፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ በውሃው ያለው ካልሲየም ከላብሳው ጋር ተዋህዶ የማይሟሟ ነገር ፈጥሮ ይሆናል፤ ለዚህ መፍትሔው ውሃውን መለወጥ ነው።

አንዴ የገባ ጨው ተመልሶ አይወጣም፤ ውሃ ብቻ መጨመርም ሳሙናውን ጭምር ስለሚያሳሳው አልመክረውም። በዚያው ቀመር ጨው ያልገባበት ሳሙና ይሥሩና ከተበላሸው አንድ ሊትር ላይ በ100 ሚሊሊትር እየጨመሩ፣ በየጊዜው እያማሰሉ ውፍረቱ እስኪመለስ ይሞክሩ፤ ያገኙትን ምጥጥን ከዚያ በኋላ ለበርሜሉ ያውሉታል።

ለሚቀጥለው ምርት ጨዉን አስቀድመው በውሃ ያሟሙት፣ በጥቂት በጥቂቱም ይጨምሩት፤ ውፍረቱ ከፍተኛው ላይ ሳይደርስም ያቁሙ። አሲድ የሆነው ላብሳ በኮስቲክ ሶዳ ተስተካክሎ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7 እና 8 መካከል መሆኑን ሳያረጋግጡ ጨው አይንኩ። ሽቶም ውፍረቱን ስለሚለውጥ ጨዉ ከሽቶው በኋላ ይግባ።