የስዕል ታብሌት ስትገዢ መጀመሪያ ስፋቱን እዪ

ሰላም እህቴ። ድሬዳዋ ሆኖ በ15.6 ኢንች ላፕቶፕ የቲሸርትና የባነር ዲዛይን ለሚሠራ ሰው ባለ ስክሪን ታብሌት ይሻላል ወይስ ስክሪን የሌለው (በፔን ታብሌቱ ላይ እየሳልሽ ላፕቶፑን የምታዪበት)፣ 16,384 የግፊት ደረጃስ (ፔኑ የእጅሽን ጫና የሚለይበት ብዛት) ከ8,192 ይሻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

የግፊቱን ቁጥር ተይው፤ ልዩነቱን እጅ አያውቀውም። ይልቅ ፔኑ በስሱ ሲነካ ቀጭን መስመር ማውጣቱን እዪ።

ዋናው ነገር ስፋቱ ነው። የላፕቶፕሽ ስክሪን ወርድ 34.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የታብሌቱ ፔኑን የሚያነበው ክፍል 15 በ10 ሴንቲሜትር ከሆነ እጅሽ 1 ሴንቲሜትር ሲሄድ ከርሰሩ 2.3 ይሮጣል፤ ፊደል በእጅ ስትስዪና ረጅም ኩርባ ስታወጪ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። 25 በ16 ላይ 1.4 ብቻ ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ያዢ። ፎቶ ማረም ብቻ ቢሆን ትንሹ ይበቃሽ ነበር። ሻጭ የሚነግርሽ የዕቃውን ጠቅላላ ልክ ሊሆን ስለሚችል የሚነበበውን ክፍል ራስሽ ለኪው።

ስክሪን የሌለውን እመርጥልሻለሁ። ኃይሉን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋም ትሠሪያለሽ። ባለ ስክሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ኤችዲኤምአይ (የምስል ኬብል) እና የራሱ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ይሞቃልም፣ ያውም በድሬ ከሰዓት! እጅሽ በላብ ገጹ ላይ እንዳይጣበቅ ባለ ሁለት ጣት ጓንት ግዢ።

እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ካገኘሽ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። ማስመሪያ አስደግፈሽ በሰያፍ በዝግታ አስምሪ፤ መስመሩ ከተጠማዘዘ ተይው። አራቱንም ጠርዝ ሞክሪ። ፔኑ የዚያው ሞዴል መሆኑን አረጋግጪ፣ ለምሳሌ የዋኮም ፔን ሁዮን በሚባለው ሌላ ምርት ላይ አይሠራም። ባትሪ የማይፈልግ ፔን ይሻላል። የታብሌቱ መብራት በርቶ ኮምፒውተሩ ካላወቀው ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀይሪ።

ድራይቨር (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። የድሮውን አጥፍተሽ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጊ፣ ከዚያ ከአምራቹ ድረ ገጽ የሞዴሉን ጫኚ። ፎቶሾፕ ላይ ግፊት ካልሠራ በድራይቨሩ ውስጥ ዊንዶውስ ኢንክ (Windows Ink) የሚለውን ምርጫ አብሪ፣ ብራሹም በፔን ግፊት እንዲታዘዝ አድርጊ። ክብ ስለሽ ሞላላ ከወጣ የታብሌቱና የስክሪኑ የወርድና የቁመት ምጥጥን አልገጠመም፤ ድራይቨሩ ላይ አስተካክዪው።

አቧራውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ሳትጠርጊ አትጀምሪ፣ ፔኑ ስር ገብቶ ገጹን ይጭረዋል። የፔኑ ጫፍ አልቆ 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀር ወይም ጎኑ ስለት ሲያወጣ ቀይሪው፤ ትርፍ ጫፍ አብሮት መኖሩንም ሳትከፍዪ እዪ።