ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ስለ ዘገየ ላፕቶፕ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ ዘገየ ሲባል ከሁሉም አፍ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፤ «ፎርማት አስደርገው»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተማሪ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይህንኑ ሰምቶ ማሽኑን በቦርሳ አንጠልጥሎ ሲዞር ሳይ አዝናለሁ። ብዙ ጊዜ የዘገየበት ምክንያት ፎርማት የሚፈታው አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፉና የልጆቹ ፎቶ ግን አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ጠይቁኝ፣ ብር የማያስወጣውን መንገድ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት የቆየ ላፕቶፕ አለኝ። አብርቼው ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ አይከፈትም። ከየት ልጀምር? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም ከመንካትህ በፊት ተመልከት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አእምሮ)፣ ሜሞሪ (ራም፣ ጊዜያዊ የሥራ ቦታው) እና ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት) የሚሉ ዓምዶች ከነመቶኛቸው ይታዩሃል። ማሽኑ በሚንፏቀቅበት ሰዓት 100 አካባቢ ላይ ተጣብቆ የቀረው የትኛው ነው? ዲስኩ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፤ ሜሞሪው ከሆነ ደግሞ ሌላ። ሦስቱም ዝቅ ብለው ሳለ ማሽኑ ከዘገየ ሙቀትን ወይም ቻርጀርን ጠርጥር። ይህን ሳያዩ ፕሮግራም መሰረዝና መጫን በጨለማ መዳከር ነው።

ካየህ በኋላ እዚያው መስኮት ላይ «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ ክፈት። ማሽኑ ሲበራ ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች በሙሉ ተዘርዝረዋል፦ ቴሌግራም፣ ዋንድራይቭ፣ የቶረንት ማውረጃ፣ ከሸጥከው ብዙ ጊዜ የሆነው የፕሪንተር አጋዥ። አንድ በአንድ «ዲስኤብል» አድርጋቸው። አይጠፉም፤ ስትፈልጋቸው ብቻ ይከፈታሉ። አንቲቫይረሱን እና የድምፅና የመዳሰሻውን ግን አትንካ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። በዊንዶውስ 10 «ሻት ዳውን» ስትል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በፍጥነት ለመነሣት ሲል የሥርዓቱን ሁኔታ ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። የተጠራቀመው ሸክም የሚራገፈው «ሪስታርት» ስትል ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርገው።

ጥያቄ፦ የፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። ዴል ላቲቲዩድ አለኝ፤ ድሮ አውቶካድ ይከፍትልኝ ነበር። አሁን ጽሑፍ ስጽፍ እንኳ ፊደሉ ከጣቴ ኋላ ይመጣል። ሁለቴ ፎርማት ተደርጓል፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ቻርጀርህን ቀይረሃል? እንዲህ የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። የዴል ቻርጀር ጫፍ ውስጥ፣ መሀል ላይ፣ እንደ መርፌ የቀጠነች ፒን አለች። በእርሷ በኩል ማሽኑ የቻርጀሩን ማንነትና የዋት መጠን ያነብባል። ፒኗ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ንባቡ አይሳካም፤ ማሽኑም «ይህ ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጠኝ አላውቅም» ብሎ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያቀዘቅዘዋል። ሲበራ ስለ ቻርጀሩ ዋት አለመታወቅ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይወጣ ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው ሳያነብ ያልፈዋል።

ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈትና የሲፒዩውን ፍጥነት ተመልከት። መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ተብሎ ተጽፎ፣ እየሠራ ያለው ግን ከ0.8 የማይወጣ ከሆነ ነገሩ ተገኘ። ከዚያ የዴል ዋናውን ቻርጀር ከጓደኛህ ለጥቂት ደቂቃ ተዋስና ሰክተህ ቁጥሩን እንደገና እይ። የዋት መጠኑም ይመሳሰል፤ 90 የሚፈልግ ማሽን 65 ሲሰጡት እንዲሁ ሊያነክስ ይችላል። ቁጥሩ በዋናው ቻርጀር ከተስተካከለ ችግሩ ከዊንዶውስ አልነበረም ማለት ነው። ይህንን መከላከያ የሚያጠፉ ፕሮግራሞች እንዳሉ ትሰማ ይሆናል፤ እኔ አልመክርም፤ ደካማ ቻርጀር ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ይግላል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት አለኝ። ላፕቶፑ ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ማስተካከል አልችልም። በተለይ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይብሳል። ድምፁም እንደ ወፍጮ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ መልሱን ይዞ መጥቷል፤ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ወደ 90 እና 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። የእኛ ከተማ የሚያዝያ ከሰዓት ሙቀትና የመንገዱ አቧራ ተደምረው ማራገቢያውን ያፍኑታል። ውስጡን ከፍተሽ ብታዪው በማራገቢያውና በመዳብ ማቀዝቀዣው መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ግራጫ አቧራ ታገኛለሽ፤ ነፋሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ያ ነው፣ ተደፍኗል።

ማጽዳቱ ብር አያስወጣም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ማሽኑን አጥፊ፣ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጪ። የታችኛውን ክዳን ብሎኖች ስትፈቺ ከየት እንደወጡ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ርዝመታቸው ይለያያል። የማራገቢያውን ክንፍ በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ያዥውና እንዳይሽከረከር አድርገሽ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ወደ ውጭ ጥረጊ። በአፍሽ አትንፊበት፣ እርጥበት ይገባል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፓስታ) ቦታ የጥርስ ሳሙና ቀቡ የሚሉ አሉ፤ ይደርቅና ከበፊቱ ይብሳል።

መክፈት ከፈራሽ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርጂው። አንድ በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚሮጥበትን መንገድ ይዘጋዋል፤ ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል። ፍጥነቱ በመጠኑ ቢቀንስም ከሰዓት በኋላ እንደ ጠዋቱ ወጥ ሆኖ ይሠራልሻል። ማሽኑንም ጨርቅ ወይም ፍራሽ ላይ አታስቀምጪው።

ጥያቄ፦ በዘጌ አስተማሪ ነኝ። ዲስኩ ሁልጊዜ 100 በመቶ ነው ይላል። ባትሪዬ ሞቷል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የፈተና ወረቀቶቼ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎ ዛሬ ማፍጠኑን ይተዉት፤ መጀመሪያ ፋይሎችዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ባትሪ በሌለው ማሽን ላይ መብራት በድንገት ሲቋረጥ፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በመጻፍ ላይ እያለ ይቆማል። ይህ ሲደጋገም ፋይሎች ይበላሻሉ፣ ዲስኩም ይጎዳል። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ታስክ ማናጀር 100 በመቶ ይላል፣ የሚነበበው መጠን ግን በሰከንድ ከአንድ ሜጋባይት አያልፍም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙማ አንድ ቀንም አይዘግዩ።

ከገለበጡ በኋላ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ። ሰማያዊ ካሳየ ዲስኩ ደህና ነው፤ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀይ ከሆነ አልቋል። ሰማያዊ ከሆነ ሰርቪስ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ሲስሜይን» የተባለውን፣ ፕሮግራሞችን አስቀድሞ ወደ ሜሞሪ የሚያመጣውን፣ ያቁሙት፤ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ከጥቅሙ ጭነቱ የሚበዛበት ጊዜ አለ። ሁለት አንቲቫይረስ ካለዎት አንዱን ያንሡ፣ እያንዳንዱን ፋይል ሁለቱም ይፈትሻሉና። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ግን አላታልልዎትም፤ ያለ ወጪ የሚድን አይደለም። ለአሮጌ ላፕቶፕ አንድ ብር ይውጣ ከተባለ የሚገባው ኤስኤስዲ ለተባለው፣ ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ነው።

ጥያቄ፦ ሲ ድራይቭ ቀይ ሆኗል። ምን እንደሞላው አላውቅም።

መልስ፦ ቴሌግራም ነው ብዬ እገምታለሁ። የዳውንሎድ ማኅደርህ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ሌላ ማኅደር አለ፤ ክፈተውና የማትፈልገውን ሰርዝ። ከዚያ በቴሌግራሙ ቅንብር ውስጥ የተጠራቀመውን ጊዜያዊ ማከማቻ አጽዳ፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ዝጋ። ዊንዶውስም የራሱ «ዲስክ ክሊንአፕ» አለው። ዲስኩ ጢም ብሎ ሲሞላ ለዝመናና ለጊዜያዊ ፋይል ቦታ ያጣል፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት በመቶ ያህል ባዶ ተውለት።

ጥያቄ፦ ማሽን የሚያፋጥኑ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ ይባላል። ፍላሽን እንደ ራም መጠቀምስ?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን አትጫን። ብዙዎቹ ራሳቸው ከበስተጀርባ ተቀምጠው ሜሞሪ የሚበሉ፣ «ሺህ ስሕተት ተገኘ» ብለው አስፈራርተው ብር የሚጠይቁ ናቸው። ፍላሹ ደግሞ ራም አይሆንም፤ ለዲስኩ ትንንሽ ንባብ ማቆያ ብቻ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ላለው ሰው ልዩነቱ አይታይም።

ጥያቄ፦ የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። ልጄ «ሊኑክስ ጫኚበት፣ ይፈጥናል» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት ነው። እርስዎ አይስሙት፤ ለራሱ ግን ልክ ነው። የሚጽፉት በቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ከሆነና በማኅደርዎ የዓመታት ደብዳቤ ካለ ይጠንቀቁ። ዩኒኮድ ከተባለው፣ ዛሬ ማሽኖች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል አሠራር በፊት በነበሩ ፊደላት የተጻፉ ሰነዶች ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። አለቃ ደብዳቤ ፈልጎ በር ላይ ቆሞ ሳለ ይህን መጋፈጥ አይገባዎትም። እርስዎ ዊንዶውሱ ላይ ይቆዩ፣ ስታርትአፑን ያጽዱ፣ የመስኮቶቹን ጌጥና እንቅስቃሴ ያጥፉ፤ ለጽሑፍ ሥራ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ልጇ ነኝ! 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን አለኝ፣ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም።

መልስ፦ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ስለዚህ ሊኑክስ የመጫን ሐሳብህ ተገቢ ነው። ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነቱ፣ ነፃ ነው፤ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፣ 4 ካለህ ምቹ ነው። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ አታውርደው፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለ ጓደኛ አስወርድ።

በሩፈስ ፕሮግራም ባዶ ፍላሽ ላይ ጻፈው፤ በፍላሹ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስታውስ። ከዚያ ማሽኑን ስታበራ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9ን ተጫንና ከፍላሹ አስነሣው። ምንም ሳትጭን ሙሉ ሥርዓቱ ይከፈትልሃል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ማታ ማታ ለጥቂት ቀናት እንዲሁ ተጠቀምበት፤ ከፍላሽ ሲነሣ ዘገም ይላል፣ ዲስክ ላይ ሲጫን ያ ይቀራል። አማርኛ ለመጻፍ ኪይማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም በሊኑክስም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የሞተ ላፕቶፕ ቤት አለ። ራሙን አውጥቼ ለሌላው ልስጠው?

መልስ፦ ከሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ታስክ ማናጀር ሜሞሪህ ሁልጊዜ ከ85 በመቶ በላይ ነው ካለህ ይህን የሚያህል ነፃ መፍትሔ የለም። ግን ዓይነቱ ይግጠም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች ጠርዛቸው ላይ ያለው ክፍተት የተለያየ ቦታ ስለሆነ እርስ በርስ አይገቡም፤ አስገድደህ አትግፋ። በዲዲአር3 መካከልም ልዩነት አለ፦ ኤል የሚል ፊደል ያለበት በ1.35 ቮልት ይሠራል፣ የሌለበት በ1.5። ማሽንህ ዝቅተኛውን ብቻ የሚቀበል ከሆነ የሌላው አይነሣለትም። ተለጥፎበት ያለውን ወረቀት አንብብና አወዳድር። ስትነቅል ባትሪውን አስቀድመህ አውጣ፣ በሁለቱም ጎን ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ስትገፋቸው ራሙ ራሱ ብድግ ይላል። ስታስገባ አጋድመህ አስገባና ቀጭ እስኪል ወደ ታች ተጫነው። ዊንዶውስህ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ ብትጨምርለትም አይጠቀምበትም።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አለን። ላፕቶፑን በስልክ ኢንተርኔት ነው የምንጠቀመው፤ ኢንተርኔት ስንከፍት ብቻ ይንቀረፈፋል።

መልስ፦ ያስቀመጣችሁትን ፋይል ቶሎ ከከፈተ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፤ መስመሩን የያዘው ነገር አለ። ዊንዶውስ ዝመናውን በእናንተ ዳታ እያወረደ ሊሆን ይችላል። በኔትወርክ ቅንብር ውስጥ የስልኩን ዋይፋይ «ሜተርድ» (በልክ የሚቆጠር ዳታ) አድርጉት፤ አብዛኛው ዝመና ይገታል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውንም ዝጉ፤ ክፍት ከሆነ የወረደውን ዝመና ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊልክበት ይችላል። በወር አንድ ቀን ግን ነፃ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ውሰዱትና ዝመናውን ጨርሶ ይምጣ።