መልስ፦ ዲቪዥን ስሪ ባስኬትቦል ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ ኤንቢኤ ሰልችቶኛል የትንንሾቹን ኮሌጆች ጨዋታ (ዲቪዥን ስሪ ማለት የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ሶስተኛው ደረጃ ነው) እንዴት ልከታተል ላልከው፣ መጀመሪያ አንድ ሊግ ምረጥና እሱን ያዝ፣ ከ400 በላይ ኮሌጅ ስላለ ሁሉንም ልይ ካልክ አትዘልቀውም። እኔን ከሰማኸኝ የሚሺጋኑን ሊግ ኤምአይኤኤን ያዝ፣ ሆፕና ካልቪን የሚባሉት ኮሌጆች እዛ ናቸው፣ እነሱ ሲገናኙ ጂሙ በጩኸት ነው የሚናጠው፣ የ2024 የዲቪዥን ስሪ የወንዶች ሻምፒዮን ትራይንም ከዛው ሊግ ነው።

ሲዝኑ ኖቬምበር መጀመሪያ አካባቢ ይጀምራል ግን እስከ ፈረንጆች ገና ውጤቱ ብዙ አያስጨንቅህ፣ አሰልጣኞቹ ገና አሰላለፍ እየሞከሩ ነው። ነገሩ የሚጦፈው ጃንዋሪ ላይ የሊግ ጨዋታው ሲደራረብ ነው፣ ምክንያቱም የሊጉን ቶርናመንት ያሸነፈ 64 ቡድን ወደሚፋለምበት የማርች ሀገር አቀፍ ቶርናመንት በቀጥታ ይገባል፣ ሌላው ግን የሲዝን ውጤቱ ተሰልቶ ይመረጥ እንደሆን እየጠበቀ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ በማትጠብቀው ቅዳሜ የተሸነፍካት ጨዋታ ማርች ላይ ዋጋ ታስከፍልሃለች።

ጨዋታውን የየኮሌጁ የስፖርት ዌብሳይት ላይ ላይቭ ታገኘዋለህ፣ ብዙዎቹ በነፃ ናቸው። ልጆቹ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጣቸውም፣ ማታ ተጫውተው ጠዋት ክላስ ይገባሉ፣ እና ለአንዲት ኳስ መሬት ላይ ሲወድቁ ስታይ ልብህን ይነኩታል በእውነት።

እስከዛ የ2023ቱን የወንዶች ፋይናል ፈልገህ እየው፣ ክሪስቶፈር ኒውፖርት ማውንት ዩኒየንን 74 ለ 72 የረታው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በገባች ሌይአፕ (ቅርጫቱ ሥር ተጠግተው የሚያስገቧት ኳስ) ነው። ሊግህን ስትመርጥ ንገረኝ፣ የትኞቹ ጨዋታዎች ሊያመልጡህ እንደማይገባ እጠቁምሃለሁ።