ችግኙ ከደረቀ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ስለ ባህር እንስሳት የምሰማው ሁሌ አለቁ ጠፉ ነው። ባለፈው አንድ የማንግሮቭ (ባህር ዳር የሚበቅለው ዛፍ) ተከላ ቪድዮ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ችግኞቹ በሙሉ ደርቀዋል ሲባል ሰማሁና በጣም ከፋኝ። እውነት አንዴ የጠፋ ነገር ይመለሳል ወይስ ዝም ብለን ነው የምንለፋው? እህታችሁ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ ይመለሳል፣ ግን ያጠፋው ነገር መጀመሪያ መቆም አለበት። ማንግሮቭ ጨው ውሃ ይችላል ሲባል ሰው ባህር ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል፣ ሥሩ ግን አየር ይፈልጋል፣ ባህሩ ሸሽቶ በየቀኑ ለሰዓታት ካልተገለጠለት ይታፈናል። ለዘመቻ ደሞ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባዶው የጭቃ ሜዳ ነው ምክንያቱም ባለቤት የለውም ጭቅጭቅ የለበትም፣ እዛ ግን ውሃው ቶሎ አይሸሽም ማዕበሉም ችግኙን ነቅሎ ይወስደዋል። ድሮ ማንግሮቭ የነበረበት ቦታማ ስንቱ የሽሪምፕ (ለምግብ የሚሸጥ ትንሽ የባህር እንስሳ) ማርቢያ ኩሬ ሆኗል። የኩሬውን ግድብ አፍርሰሽ ባህሩ እንደ ድሮው ገብቶ እንዲወጣ ካደረግሽና አጠገቡ የተረፈ ማንግሮቭ ካለ አንዳንዴ መትከልም አያስፈልግም። የአንዳንዱ ማንግሮቭ ዘር ገና እናቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ይበቅልና እንደ እርሳስ ይረዝማል፣ ከዛ ይወድቅና ተንሳፍፎ ሄዶ ጭቃ ሲያገኝ ሥር ይሰዳል፣ እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

መዝራት የሚሠራበት ቦታም አለ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ዳርቻ ላይ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የባህር ሳር እንደ ፈረንጆች በ1930ዎቹ በበሽታና በአውሎ ነፋስ አልቆ ነበር፣ በሽታው ካለፈ በኋላ ውሃው ደህና ነበር የጎደለው ዘር ብቻ ነው። ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር ተበተነበት፣ ዛሬ ወደ 3600 ሄክታር ሳር አለ።

ኤሊዎቹም እንደዛው ናቸው። ኬምፕስ ሪድሊ የሚባለው የባህር ኤሊ እንደ ፈረንጆች በ1947 ሜክሲኮ ውስጥ አንድ የባህር ዳርቻ ላይ በአንድ ቀን ወደ 40 ሺህ እናቶች ሲወጡ በፊልም ተቀርጿል፣ በ1985 ግን የተቆጠረው 702 የእንቁላል ጉድጓድ ብቻ ነው። እንቁላሉን ሰው ይለቅመው ነበር፣ ትልልቆቹ ደሞ የሽሪምፕ መረብ ውስጥ ገብተው አየር ለመሳብ መውጣት እያቃታቸው ይሞታሉ። ዳርቻው ሲጠበቅና መረቡ ውስጥ የብረት ፍርግርግ ሲገባ (ሽሪምፑ በመሃል ያልፋል፣ ኤሊዋ ፍርግርጉን ገጭታ በቀዳዳው ትወጣለች) ቁጥሩ ቀስ እያለ ጨመረ፣ ከ20 ሺህ በላይ ጉድጓድ የተቆጠረበት ዓመትም አለ። አሁንም አደጋ ላይ ናት ግን አልጠፋችም!

ስለዚ ቀጣዩን ዘመቻ ስታዪ ጠይቂያቸው፣ እዚህ ድሮ ማንግሮቭ ነበረ? ምን አጠፋው? ያ ነገር አሁን ቆሟል? ሦስተኛውን ካልመለሱልሽ ገንዘብሽን ያዢ።