ካሸሯና የመጋዘን ሠራተኛው፦ የክፍያ ልዩነት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በብሪታንያ ሱፐርማርኬቶችና የልብስ መደብሮች ከሚሠሩ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው (መጋቢት ማለት ማርች ነው)።

ጥያቄ፦ በአንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆኜ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው፤ በሳምንት 20 ሰዓት እሠራለሁ። በዚያው ኩባንያ መጋዘን ያለ አንድ የአገሬ ልጅ በሰዓት 1.50 ፓውንድ ይበልጠኛል። አለቃዬን ብጠይቀው «እነሱ ሸክም ነው የሚሸከሙት፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለክስ ይበቃል? (ከሊድስ)

መልስ፦ ይበቃል። አለቃዎ የሳቱት ሕጉ የሚመዝነው ሸክሙን ብቻ አለመሆኑን ነው። በ2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወንድ ባልደረባዋ እኩል ይከፈለኝ ማለት የምትችለው ሥራቸው አንድ ዓይነት ሲሆን፣ በድርጅቱ የሥራ ምዘና እኩል ደረጃ ሲሰጠው፣ ወይም ሥራው የተለያየ ቢሆንም ዋጋው እኩል ሲሆን ነው። የእርስዎ ጉዳይ የመጨረሻው ነው። ጉልበት አንድ መለኪያ ነው፤ ዕውቀት፣ ኃላፊነት፣ ትኩረትና ከሰው ጋር መግባባትም ይመዘናሉ። ገንዘብ ይዞ ሒሳብ ማስታረቅ፣ አልኮል የሚገዛውን ወጣት መታወቂያ መጠየቅ፣ የተቆጣ ደንበኛ ማብረድ፣ ወረፋው እየረዘመ ሳይሳሳቱ መሥራት፣ እነዚህ ሁሉ ነጥብ አላቸው።

«እሱ ያለው ሌላ ከተማ ነው» የሚለው የአሠሪዎች መከራከሪያም ብዙ አይራመድም። በአዝዳ ሱፐርማርኬት ጉዳይ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጋቢት 2021 ላይ የሱቅ ሠራተኞቹ ራሳቸውን ከማከፋፈያ መጋዘን ሠራተኞች ጋር ማወዳደር እንደሚችሉ ወስኗል። መመዘኛው ቀላል ነው፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ ያንኑ ሥራውን ሱቁ ባለበት ቦታ ቢሠራ ኖሮ የመጋዘን ውሉ ይቀጥልለት ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ውሳኔ ግን በሩን ከፈተ እንጂ ገንዘብ አላስከፈለም። ሥራዎቹ በዋጋ እኩል መሆናቸው ከዚያ በኋላ ለብቻው መረጋገጥ ነበረበት፤ የሥራ ክርክር ችሎቱ (ትሪቡናል) በ2025 አብዛኞቹ በናሙናነት የቀረቡ የሱቅ ሥራዎች እኩል ናቸው ያለው ክርክሩ ከ10 ዓመት በላይ ከተጓተተ በኋላ ነው። ስለዚህ «በሚቀጥለው ገና ይደርሳል» የሚልዎትን አይመኑ።

ዋጋው እኩል ነው ቢባልም አሠሪው አንድ መከላከያ ይቀረዋል፤ ልዩነቱ ከጾታ ጋር ያልተያያዘ በቂ ምክንያት አለው ብሎ ማሳየት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት «የመጋዘን ሠራተኛ የገበያ ዋጋው ይህ ነው» የሚል ነው። ነሐሴ 2024 ከ3,500 በላይ የልብስ መደብሩ የኔክስት ሱቅ ሠራተኞች ያሸነፉት በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ችሎቱ ኩባንያው ሆን ብሎ ሴቶችን በድሏል አላለም። ይሁን እንጂ ወጪ መቀነስ ብቻውን አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑበትን የሥራ ክፍል ዝቅ አድርጎ ለመክፈል አይበቃም ብሏል። ኩባንያው ይግባኝ እንደሚል አስታውቋል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 1.50 በ20 ሰዓት ሲባዛ በሳምንት 30 ፓውንድ፣ በዓመት 1,560 ፓውንድ ነው። ወደ ኋላ የሚጠየቀው ክሱ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ እስከ 6 ዓመት (በስኮትላንድ 5) ስለሆነ ልዩነቱ ሳይለወጥ ከቆየ 9,360 ፓውንድ ይሆናል፤ ታክስ ይቀነስበታል። የሠሩት 9 ዓመት ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አይቆጠሩም፤ የሚዘገዩበት እያንዳንዱ ወር ደግሞ ከኋላ አንድ ወር ይቆርጣል። የሌሊትና የእሑድ ጭማሪ፣ ቦነስና ጡረታም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይወዳደራሉ። መነሻ ደመወዙን ብቻ አይተው አይተዉት።

አሁኑኑ ፔይስሊፕዎን (የደመወዝ ወረቀትዎን)፣ የቅጥር ውልዎንና የሥራ ዝርዝርዎን በአንድ ላይ ያኑሩ። የድሮው ፔይስሊፕ ኦንላይን ከሆነ ያውርዱት፤ ሥራ የለቀቁ ቀን መግቢያው ሊዘጋ ይችላል። የጠፋብዎት ካለ በመረጃ ጥበቃ ሕግ የራስዎን ፋይል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በነጻ ነው፣ መልሱም በመደበኛነት በአንድ ወር ውስጥ መድረስ አለበት። የሌላ ሰው ደመወዝ ግን በዚህ መንገድ አይሰጥዎትም። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በየሺፍቱ የሠሩትን ይጻፉ፦ ጎማ ያለው የዕቃ መጫኛ የብረት ካጅ ስንት ገፉ፣ የሒሳብ መቀበያው ላይ ስንት ሰዓት ነበሩ፣ ማንን አሠለጠኑ። ከዓመታት በኋላ ሥራዎቹን የሚመዝን ገለልተኛ ባለሙያ ሲጠይቅ «ሁሉንም እሠራ ነበር» የሚል መልስ ነጥብ አያስገኝም።

ጥያቄ፦ ከሱቁ ከለቀቅሁ 5 ወር ሆነኝ። አመለጠኝ? (ከለንደን)

መልስ፦ አላመለጠዎትም፤ ግን ዛሬ ይነሡ። በሥራ ክርክር ችሎት (ትሪቡናል) ክስ የሚቀርበው ሥራ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። መጋቢት 10 ከለቀቁ የመጨረሻው ቀን መስከረም 9 ነው እንጂ 10 አይደለም። «አላወቅሁም ነበር» ብሎ ማስረዘም አይቻልም።

ከክሱ በፊት ኤካስ ለተባለው የአስታራቂ ተቋም ማመልከት ግዴታ ነው። ነጻ ነው፤ እርቁ በሂደት ላይ ሳለም የጊዜ ቆጠራው ይቆማል። መጨረሻ ላይ የሚሰጥዎትን የምስክር ወረቀት ቁጥር የክስ ቅጹ ላይ ይጽፋሉ። የክስ ማስገቢያ ክፍያ ከ2017 ጀምሮ የለም። ብዙዎች የሚሰናከሉት በአሠሪው ስም ነው፤ የሚጻፈው ፔይስሊፑ ላይ ያለው ሕጋዊ ስም እንጂ በሱቁ በር ላይ የተሰቀለው አይደለም። በኤጀንሲ የተቀጠሩ ከነበረ አሠሪዎ አብዛኛውን ጊዜ ኤጀንሲው ነው፤ ያኔ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል።

6 ወሩ ያለፈባቸውም ተስፋ አይቁረጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ጉዳይ እንደወሰነው መደበኛው ፍርድ ቤት 6 ዓመት ይሰጣል። እዚያ ግን የዳኝነት ክፍያ አለ፤ የተሸነፈም የሌላውን ወጪ ሊሸፍን ይችላልና ሳይማከሩ አይግቡ።

ሲሰናበቱ የመለያያ ስምምነት ፈርመው ከሆነ ወረቀቱን ለጠበቃ ያሳዩ። የእኩል ክፍያ መብትዎን እዚያው ትተውት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠበቆች «ካላሸነፍን አትከፍይም» ይላሉ። ልፈርም? (ከማንቸስተር)

መልስ፦ መጀመሪያ መቶኛውን ያንብቡ። እንዲህ ባለ ውል ትሪቡናል ላይ የሚወስዱት ቫትን ጨምሮ ከ35 በመቶ መብለጥ አይችልም። ከላይ ካየነው 9,360 ፓውንድ ላይ እስከ 3,276 ፓውንድ ማለት ነው። መሃል ላይ ብተው ወይም ጠበቃ ብቀይር ምን እከፍላለሁ ብለው ይጠይቁ፤ ሰው የሚጎዳው በዚያ አንቀጽ ነው። የዩኒየን (የሠራተኞች ማኅበር) አባል ከሆኑ ቀድመው ዩኒየንዎን ያነጋግሩ። ከፈረሙ በኋላ ስልክና አድራሻ በቀየሩ ቁጥር ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ የምሠራውም ሱቅ ውስጥ ነው። አይመለከተኝም ማለት ነው? ደግሞስ ስለ ደመወዝ አታውሩ ተብለናል። (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ ይመለከትዎታል። አብራዎት አንድ ዓይነት ሥራ የምትሠራ ሴት ካሸነፈች እርስዎ ከእሷ ጋር ተወዳድረው ልዩነቱን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ የእርስዎን ክስ ከእሷ ጎን ቀድመው ያስመዝግቡ። ክልከላውን በተመለከተ፣ በጾታ ምክንያት የክፍያ ልዩነት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከባልደረባ ጋር መነጋገርን የሚከለክል የውል አንቀጽ አይጸናም፤ በዚህ ምክንያት መቅጣትም ሕገ ወጥ ነው። የሌሎችን ደመወዝ ከቢሮ ኮምፒውተር ሾልኮ ማየት ግን ይህ ጥበቃ የለውም።