«ልክ»፣ «ልኬት» ወይስ «ምጣኔ»? ከደሴ የመጣ የኪሮሽ ጥያቄ

ጥያቄ፦ በደሴ በኪሮሽ ሹራብና ኮፍያ የምንሠራ ጓደኛሞች ነን። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ትንሽ ናሙና እንሠራና በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንደገባ እንቆጥራለን። ይህን አንዷ «ልክ»፣ ሌላዋ «ልኬት»፣ ሦስተኛዋ «ጌጅ» ትለዋለች። የቱ ይሻላል? ደግሞ አንዷ በስልክ «እጅሽ ይጠብቃል» ብላ ጻፈችልኝ። ምንን ነው የሚጠብቀው ብዬ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን በጣም ወድጄዋለሁ። ለደሴ ብርድ ሹራብ የሚሠሩ እጆች ለቃላቸውም ሲጨነቁ ማየት ደስ ይላል።

«ልክ» ሌላ ሥራ አለው። ልብስ ሰፊ ልክ ይወስዳል፤ ልብሱ ሲሆንሽ «ልኬ ነው» ትያለሽ። «ልኬት» ደግሞ ለክተሽ ያገኘሽው ቁጥር ነው። ናሙናሽ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ልኬቱ ያ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን ስንቱ በስንት ውስጥ እንደገባ ነው። ለዚህ አማርኛ «ምጣኔ» አለው።

የቤተሰብ ምጣኔ፣ ምጣኔ ሀብት ስለምንል የቢሮ ቃል ሊመስልሽ ይችላል። ግን ጓዳ ግቢና ፈልጊው። ምጥን ሽሮ እንል የለ? ይህን ያህል ሽሮ ይህን ያህል ቅመም ይበቃዋል ተብሎ የተመጠነ ነው። የሁለቱም ሥር «መጠነ» ነው። ስለዚህ እኔ «የቀለበት ምጣኔ» በሉት እላለሁ። «ጌጅ» የምትለዋም አልተሳሳተችም፤ ቤት ያፈራው ቃል እያለ መዋሱ ነው የሚቆጨኝ።

መመሪያው በ10 ሴንቲ ሜትር 16 ቀለበት ይላል እንበል። 80 ቀለበት 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያንቺ ምጣኔ 20 ከሆነ ግን ያው 80 ቀለበት 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ወፍራም ኪሮሽ ያዢ፤ ከ16 ካነሰ ቀጭን። ናሙናውን አጥበሽና አድርቀሽ፣ ከጠርዙ ራቅ ብለሽ መሃሉን ቁጠሪ።

አሁን ወደ «ይጠብቃል»። ጓደኛሽ ትክክል ናት፤ ችግሩ ከፊደላችን ነው። «ዘበኛው ግቢ ይጠብቃል» ስትይ «ብ» ጠብቆ ይነበባል። «እጅሽ ይጠብቃል» ሲሆን ግን፣ ክሩን አጥብቀሽ ትስቢያለሽ ለማለት ነውና፣ «ብ» ይላላል። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ጆሮ ብቻ ነው የሚያውቀው። ልብ በይ፣ ስለ ድምፅ ስናወራም «ጠብቆ፣ ላልቶ» እንላለን። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ሰዋስው ለፊደል የሚጠቀምበት ቃል እናንተ ለክር የምትጠቀሙበት ቃል ነው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

በጽሑፍ እንዳትደናገሩ «እጅሽ ክሩን ያጠብቃል» በሉ። የዘበኛው «አስጠበቀ»፣ የክሩ «አጠበቀ» ስለሆነ እዚህ ላይ መምታታት የለም።

በተቃራኒው ሲሆንስ? ክሩ ላላ፣ ሥራው ሳሳ በሉ። «ላላ» ለክሩ ነው፤ «ሳሳ» ብርሃን ለሚያሳልፈው ለተሠራው ልብስ። ሸማኔም ድሩን ላላ፣ ጋቢውን ሳሳ ይለዋል።