ስለ ወፈረው ውሻሽ፦ መጀመሪያ የቤቱን ውሎ እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ውሻሽ ላብራዶር ነው፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ ከተኮላሸ ወዲህ ወፍሮ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ምግቡን በግማሽ ቀንሰሽለት ምንም ለውጥ የለም። አንቺም ባለቤትሽም እዚሁ ባሕር ዳር ቢሮ ስለምትውሉ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው። «ሌላ ምን ልቀንስበት?» ነው ያልሽው። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

እኔ በዚህ ከተማ ውሻ ሳሳድግ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ጎረቤትም ውሻው ሲከብድበት ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «ምግቡን ቀንሻለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሳህኑ አይደለም። ቤት ውስጥ ማን ማን እንደሚያበላው ነው የምጠይቀው።

አንድ ጎረቤቴ ጋ የሆነውን ልንገርሽ። ውሻው ጀርመን ሸፐርድ ነው። ወገቡ ጠፍቶ ከላይ ሲታይ ጠረጴዛ መስሎ ነበር። እመቤቲቱ በቀን አንዴ ብቻ እንደሚበላ ትምላለች። እውነቷን ነው፣ እሷ የምትሰጠው አንዴ ብቻ ነው። እኔም አንዲት ባዶ ባልዲ አስቀመጥኩና ለቤተሰቡ በሙሉ እንዲህ አልኳቸው፦ «ዛሬ ለውሻው ልትሰጡ ያሰባችሁትን ሁሉ እዚህ ባልዲ ውስጥ ጣሉ፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ»። ጠዋት ዘበኛው ከቁርሱ የቆረሰውን እንጀራ ጣለ። ሠራተኛዋ ከድስቱ የጠረገችውን ጨመረች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ብስኩትና የዳቦ ቅርፊት ጣሉ። ማታ አባወራው ከውጭ በፌስታል ቋጥሮ ያመጣውን የጥብስ ትራፊ ከነጮማው ደፋበት። ባልዲዋ ከግማሽ በላይ ሞላች። ዋናው ምግቡ እዚህ ውስጥ የለም። ሁሉም «እኔ እኮ ትንሽ ነው የምሰጠው» ይሉ ነበር፣ አንዳቸውም አልዋሹም።

ነገ አንቺም ቤት ይሄን አድርጊ። አደራ፣ ማንንም ለመውቀስ አይሁን። ሰው የሚሰጠው ስለሚወደው ነው።

እኛ አገር ፍቅር በጉርሻ ነው የሚገለጸው። ለውሻውም ያው ነው። ማዕድ ላይ ተቀምጠን ዓይኑን ሲያንከራትት አንጀታችን አይችልም። ይሄ ግን የኛ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዴንማርክ 268 ውሾችንና ባለቤቶቻቸውን አጥንተው ነበር። ባለቤቶቻቸው ከመጠን በላይ ከወፈሩት ውሾች መካከል 35 በመቶዎቹ ራሳቸውም ከባድ ወይም ወፍራም ነበሩ። ባለቤቶቻቸው መደበኛ ክብደት ካላቸው ወይም ቀጭን ከሆኑት መካከል ግን 14 በመቶ ብቻ። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት አሰጣጡ ሳይሆን አይቀርም። ቀጫጭኖቹ ባለቤቶች ትንንሽ ነገር የሚሰጡት ውሻውን ለማሠልጠን ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሶፋ ላይ ዘና ብለው ከሚበሉት እያካፈሉ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ቤታችሁ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ምን እንደሚበላ አስቢ። ውሻው የት እንደሚተኛም አስቢ።

ሁለተኛው ነገር እንቅስቃሴ ነው። «ግቢው ሰፊ ነው፣ እንደፈለገ ይሮጣል» የሚለውን ስንቱ ብሎኛል መሰለሽ። ውሻ ብቻውን ግቢ ውስጥ አይሮጥም። በር ሥር ተኝቶ ይውላል፣ ባጃጅ ሲያልፍ ሁለቴ ጮኾ ተመልሶ ይተኛል። ባለቤቱ ጠዋት በመኪና ወጥቶ ማታ በመኪና የሚገባ ከሆነ የውሻውም እግር አብሮ ታሰረ ማለት ነው። ይሄንን ሳየው ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው። ላብራዶር ዓሣ አጥማጆችንና አዳኞችን ተከትሎ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ የተራባ ዘር ነው።

እኛ ደግሞ ጣና ደጃችን ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ጥላም ንፋስም አለው። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከረፋዱ በኋላ ይዘሽው እንዳትወጪ። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፣ የወፈረ ውሻ ደግሞ ቶሎ ይታፈናል። አስፋልቱንም በእጅሽ ጀርባ ነክተሽ እዪው፣ ላንቺ ካቃጠለሽ መዳፉንም ያቃጥለዋል። የመንደር ውሾች ያስቸግሩኛል ብለሽ ከሆነ የቀረሽው፣ ልክ ነሽ፣ ያስቸግራሉ። አጭርና ጠንካራ ማሰሪያ ያዢ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም ጊዜው እንዳያልፍበት። መዋኘት ለመገጣጠሚያው ጥሩ ነው፣ ግን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ በፍጹም እንዳታስገቢው። ጉማሬ አለ።

ስለ ምግቡ። ብዙዎቻችን የፎገራ ሩዝ ከሳንባና ከአጥንት ጋር ቀቅለን ነው የምንሰጠው። መጥፎ አይደለም፣ ግን ጮማውንና አጥንቱን አውጪለት። አንድ ግራም ስብ ከአንድ ግራም ሩዝ ወይም ቀይ ሥጋ ከእጥፍ በላይ ጉልበት አለው። በዚያ ላይ ብዙ ስብ በአንዴ ከበላ ቆሽቱ ሊታመም ይችላል። የሩዙን ሩብ ያህል በተቀቀለ ካሮት፣ ዱባ ወይም ፎሶሊያ ተኪለት፣ ሆዱን ይሞላለታል። የወጥ ትራፊ ግን ጨርሶ ይቅር። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ጾምንም አትርሺ። በዓቢይ ጾም ቤቱ ሥጋ ስለማይገባበት ውሻው እንጀራና ዳቦ ብቻ ሲበላ ይከርምና ፋሲካ ሲደርስ የበጉ ስብና አጥንት በአንዴ ይደፋበታል። ከጾሙ በፊት ለእሱ ብቻ የሚሆን ሥጋ ገዝተሽ በትንንሹ ቋጥረሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪለት።

አንቺ ጋ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ውሻ ሲኮላሽ የሚያስፈልገው ምግብ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። የላብራዶር ዘር ደግሞ ለብቻው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአራት ላብራዶሮች በአንዱ ገደማ ጥጋብን የሚያሳውቀው ዘረመል ከፊሉ እንደጎደለ አሳይተዋል። እንደዚህ ዓይነቱ ውሻ በልቶም የራበው ይመስለዋል። ስለዚህ በዓይኑ ሲለምንሽ እውነትም ራበኝ እያለሽ ይሆናል። ቢሆንም አትስጪው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት 48 ላብራዶሮች ዕድሜ ልካቸውን ተከታትለዋቸው፣ 25 በመቶ ያነሰ የበሉት አብረዋቸው ከተወለዱት ጥንዶቻቸው ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የበለጠ ኖረዋል።

ክብደቱን ለማወቅ ቤት ያለው ሚዛን አይበቃሽም። ሰፈርሽ ካለው ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚመዝኑበት ላይ አውጪው፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። በሳምንት ከክብደቱ 1 ወይም 2 በመቶ ከቀነሰ ይበቃል። 40 ኪሎ ከሆነ ከ400 እስከ 800 ግራም ማለት ነው። ከዚያ በላይ አታጣድፊው። በየሳምንቱም ጎድኑን ዳብሺ። ሳትጫኚው አጥንቱ እጅሽ ላይ ከተሰማሽ መንገድ ላይ ነሽ።

ደረጃ መውጣት አቅቶታል ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ረጅም መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ዳሌውንና ጉልበቱን ይይለት፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ የሚገኝ ከሆነም ጠይቂ። እስከዚያ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ሜዳ በሜዳ ይራመድ። የሐኪሙን መልስና የወፍጮ ቤቱን ኪሎ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የምግቡን መጠን አብረን እናሰላዋለን።